ያልተጠየቅሁት ጥያቄ

ቤት ተከራይቶ የሚያውቅ ሰው ጥያቄዎቹን በቃሉ ይዟቸዋል። ባለትዳር ነህ? ጫት ትቅማለህ? ማታ በስንት ሰዓት ትገባለህ? በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ደላላው ኮተቤ ከአንዲት እናት ግቢ ሲያስገባኝ ለእነዚህ ሁሉ መልስ ነበረኝ። ሴትዮዋ፣ እኔም እንደ ሠፈሩ ሰው እትዬ የምላቸው፣ መታወቂያዬን አገላብጠው አዩና «በል እንግዲህ በሰላም ኑርባት» ብለው የሰርቪሷን ቁልፍ ሰጡኝ። ዕዳ እንዳለብኝ ግን አልጠየቁኝም። እኔም አልተናገርሁም።

ዕዳው እንዲህ የመጣ ነው። አብሮኝ ይሠራ የነበረ ሰው ከአንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር ሲበደር ዋስ ሆኜ ፈረምሁ። ውሉ ላይ «በአንድነትና በነጠላ» የምትል ሐረግ ነበረች፤ በጋዜጠኝነት ዲፕሎማ ይዤ፣ በቃላት እንጀራዬን እየበላሁ፣ ሳላስተውላት አለፍኋት። አበዳሪው ተበዳሪውን ሳያስቀድም ዋሱን መጠየቅ ይችላል ማለት ኖሯል። ሰውዬው አገር ለቆ ሄደ፤ ማኅበሩ እኔን ከሰሰ። በመጨረሻ በችሎት ፊት ተስማማን፦ በየወሩ 4,000 ብር፣ ለ30 ወራት። ዳኛው ስምምነቱን መዝግበው መዝገቡን ዘጉ። አንድ ወር ባጓድል ግን ማኅበሩ በዚያው ስምምነት አፈጻጸም ጠይቆ ያለኝን ማስያዝ ይችላል።

ለመሆኑ ያልተጠየቁትን አለመናገር ውሸት ነውን? ለራሴ የሰጠሁት መልስ ጠበቃ የሚያኮራ ነበር። በስምምነት ዕዳውን የሚከፍል ሰው፣ አልሁ፣ ከዳተኛ ሳይሆን ቃሉን ጠባቂ ነው፤ ወረቀቱ እንዲያውም የምስክር ወረቀቱ ሊሆን በተገባ። ባለቤት ሁሉ ግን እንዲህ አያነበውም። «ዕዳ» የሚለውን ቃል ከሰማ በሩን ይዘጋል፤ በሩ ከተዘጋ ደግሞ ማደሪያ የሌለው ሰው ሠርቶ ከየት ይከፍላል? ስለዚህ ዝምታዬ ለአበዳሪዬም ይጠቅማል። እንዴት ያለ የሚያምር ክርክር ነበር!

ለንደን የምትኖር የአክስቴ ልጅ ይህን የመሰለ ምርጫ አላገኘችም። እሷም ከአበዳሪዎቿ ጋር ሕግ የሚያውቀው የክፍያ ስምምነት ገብታለች። በዚያ አገር እንዲህ ያለው ስምምነት ብዙውን ጊዜ አምስት ዓመት ይወስዳል፤ የባለዕዳው ስም ማንም ሊያየው በሚችል መዝገብ ላይ ይሰፍራል፤ በብድር ታሪኩም ላይ ስድስት ዓመት ይቆያል። ቤት ፍለጋ ስትወጣ ወረቀቱ ቀድሟት ይደርሳል። እኛም ዘንድ የተበዳሪዎች መረጃ በብሔራዊ ባንክ ይሰበሰባል፤ የሚያዩት ግን አበዳሪዎች እንጂ ሰርቪስ የሚያከራዩ እናቶች አይደሉም። በስልክ ስናወራ «አንተ ታድለህ፤ አፍህን መዝጋት ይበቃሃል» አለችኝ። እውነትም የታደልሁ መሰለኝ።

በጥንቱ ዘመን ግን በእኛም አገር አፍ መዝጋት አይበቃም ነበር። ባለዕዳና ባለገንዘብ በልብስ ጫፍ ወይም በሰንሰለት ተቆራኝተው፣ ዕዳው እስኪከፈል ወይም ዋስ እስኪገኝ ድረስ አብረው ይውሉ አብረው ያድሩ ነበር። ቁራኛ የሚባለው ይኸው ነው። ሥርዓቱ ጨካኝ ነበር፤ እንዲመለስ የሚመኝም ያለ አይመስለኝም። ሆኖም ለእንዲህ ያለ ሰው ማደሪያ የሚሰጥ ሁሉ ማንን እንደሚያሳድር፣ ከማንም ጋር እንደታሰረ በዓይኑ ያይ ነበር። የእኔ ሰንሰለት አይታይም።

የካቲት ላይ አንድ አሠሪዬ ክፍያዬን አዘገየብኝ። በእጄ የቀረው 5,000 ብር ብቻ ነው፤ ኪራዩ 6,000፣ የማኅበሩ 4,000። ለአፍታም አላመነታሁ፤ ለማኅበሩ ከፈልሁ። ከፍዬ ስወጣ ነው ያደረግሁት የገባኝ። ማኅበሩ በስተጀርባው ፍርድ ቤት አለው። እትዬም ውል አላቸው፤ ነገር ግን ለአንድ ወር ኪራይ ችሎት ለችሎት እንደማይንከራተቱ አውቃለሁ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የኪራይ አዋጅም ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ መቀበልን ይከለክላል፤ እሳቸው የወሰዱት የአንዱን ወር ብቻ ነበር። እኔን ለመከለል የወጣውን ሕግ እኔው በዝምታዬ በሳቸው ላይ ተከለልሁበት። ያ የሚያምር ክርክሬ እዚህ ላይ ፈረሰ። ስለ ዕዳዬ ታሪክ፣ ስለ ዋስትናው፣ ስለ ሄደው ሰው ማወቅ መብታቸው ላይሆን ይችላል፤ ይህን ዛሬም እከራከርበታለሁ። ነገር ግን ገንዘቤን ለማግኘት ወረፋ እንዳለ፣ እሳቸውም ከኋላ እንደቆሙ ሳያውቁ ነበር ቁልፉን የሰጡኝ።

በሳምንቱ ማታ በራቸውን አንኳኩቼ ሁሉንም ነገርኋቸው። ይቆጣሉ ብዬ ነበር። ጋቢያቸውን ሰብስበው ዝም ብለው ሰሙኝና «ጥቅምት ላይ ብትነግረኝ አላስገባህም ነበር» አሉ። ቀጥሎም፦

«የምትኖርባትን ክፍል በምን ሠራኋት መሰለህ? በዕቁብ። ዕጣው ቀድሞ ደረሰኝና ዋስ ጠርቼ ብሩን ወሰድሁ። በየወሩ የምጥለው ያንተን ኪራይ ነው። የዚህን ወር አልጣልሁም።»

«ዋስዎ ማነው እትዬ?»

«ባለሱቁ ነዋ። ትናንት የዕቁቡ ዳኛ ጠርቶት አፍሮ መጣ።»

ባለሱቁን አውቀዋለሁ። ጠዋት ጠዋት ዳቦ የምገዛው ከእሱ ነው፤ ሁለት ጊዜ በዱቤ ሰጥቶኛል። እንደኔው ፈርሞ የተያዘ ሰው ነው፤ የያዝሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

የቀረው ገንዘብ መጋቢት 9 ቀን መጣ፤ ለእትዬ ሰጠኋቸው፤ እሳቸውም ዕቁባቸውን ጣሉ። ከዚያ ወዲህ የገቢዬን ቀን እነግራቸዋለሁ፤ የማኅበሩን ደረሰኝም አሳያቸዋለሁ። ሲያዩት ምን እንደሚያስቡ አልነገሩኝም። ዳቦውን ግን ለብዙ ጊዜ አሻግሬ ከሌላ ሱቅ ስገዛ ነበር።