ፊደልና ጅራፍ

ፊደል ያስተማረ እጅ ጅራፍ የማንሣት መብት ያገኛልን? እ.ኤ.አ. በ1876 የስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን ሚሲዮናውያን በዛሬዋ ማላዊ፣ በሺሬ ደጋማ ምድር፣ የብላንታየርን ጣቢያ መሠረቱ። ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ ከባሪያ ፈንጋዮች ያመለጡትን አስጠጉ። ዳሩ ግን የብሪታንያ አገዛዝ ገና ሳይታወጅ ዳኞች ሆኑ። ሰው አሰሩ፤ ገረፉ፤ በ1879ም በነፍስ ግድያ የተከሰሰን አንድ ሰው ራሳቸው ፈርደው በጥይት አስገደሉ። ነገሩ ስኮትላንድ በተሰማ ጊዜ ቤተ ክርስቲያኒቱ አስመረመረች፤ የጣቢያውንም ኃላፊ በ1881 ከሥራው አሰናበተች።

ጥፋቱ ግን የጥቂት ግለሰቦች ቁጣ ብቻ አልነበረም። ተጠያቂነት የሌለበት ቸርነት ተቀባዩን እንደ ንብረት ወደ መቁጠር ያዘነብላልና።

ፊደሉ በበኩሉ ከሰጪዎቹ ፈቃድ አልፎ ሄደ። በብላንታየር ሚሲዮን የተማረው ጆን ቺሌምብዌ፣ አፍሪካውያን በማያገባቸው ጦርነት ስለ ምን ይሞታሉ ሲል በ1914 ለጋዜጣ ጻፈ፤ በ1915 በቅኝ አገዛዙ ላይ ዐምፆ ተገደለ።

ዕውቀት ውለታ ነው፤ የሰው ነጻነት መግዣ ግን አይደለም። ያስተማረ ስላስተማረው ይመሰገናል፤ የገረፈም ስለ ገረፈው ይጠየቃል። አንዱ ሌላውን አይሰርዘውም።