መሽቶበት የገባ

ወረታን ብዙ ሰው የሚያውቃት በመኪና መስኮት ነው። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚሄድ መንገደኛ የጉማራን ወንዝ ተሻግሮ፣ የፎገራ ሜዳ ግራና ቀኝ ተዘርግቶለት ጥቂት እንደተጓዘ ከተማዋ ትደርሳለች፤ ሾፌሩ ካልቆመ ወዲያው ታልፋለች። ወደ ደብረ ታቦር፣ ወደ ጋይንትና ወደ ወልድያ የሚወጣው መንገድ የሚገነጠለው እዚህ ነው። በደርግ ዘመን ቻይናውያን የሠሩት ይህ መንገድ ወሎን ከጣና ዳር ሲያገናኝ፣ ወረታ የአላፊ አግዳሚ ከተማ ሆነች። ሻይ ጠጥቶ፣ ቀይ ሽንኩርት ገዝቶ፣ መኪና ቀይሮ የሚሄደው ብዙ ነው።

ክረምት ሲገባ ግን ከመኪና የሚወርደው ሰው ይለወጣል። አሁን የሚወርደው ሊቆይ የመጣ ነው፤ የት እንደሚያድር ግን አያውቅም። ከፋርጣ፣ ከእስቴ፣ ከጋይንት፣ ከስማዳ ደጋ የተነሣ ወጣት ነው፤ የመጣው የሩዝ አረም ሊያርም ነው። የማዳበሪያ ጆንያ አጥፎ በብብቱ ሸጉጧል፤ ጋቢው ትከሻው ላይ ነው፤ በሶው በላስቲክ ተቋጥሯል። ዱላውን ተደግፎ አንዴ ወደ መናኸሪያው፣ አንዴ ወደ መንገዱ ያያል። ባጃጆቹ እየተጥመለመሉ ያልፉታል፤ ማንም አይጠራውም። ገንዘብ የሌለው ሰው ከሩቅ ይታወቃል።

ሩዙ ራሱ ለፎገራ መጤ ነው። በ1970ዎቹ የሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች ጅግናና ሻጋ በሚባሉ የገበሬ ማኅበራት ከመሞከራቸው በፊት፣ ክረምት ክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው የሚተኙበት ይህ ሜዳ የከብት ግጦሽ ነበር፤ ውሃው ሲሸሽ በቀረው እርጥበት ጓያ ይዘራበት ነበር። ጠላት የነበረው ውሃ በሩዝ ምክንያት ወዳጅ ሆነ። ዛሬ የአገሪቱ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል የሚገኘው እዚሁ ነው፤ ገበሬው አብዝቶ ከሚዘራቸው ዝርያዎች አንዱም እስካሁን በጅግና ስም ይጠራል። ሩዝ ግን እጅ ይፈልጋል። አረሙ አንዴ ተነቅሎ አያበቃም፤ ጎንበስ ብሎ፣ ጭቃ ውስጥ ቆሞ፣ ደጋግሞ መንቀል ነው። የአንድ ቤት ልጆች አይችሉትም። ሜዳው በየዓመቱ የሌላ አገር ሰው የሚጠራው ለዚህ ነው።

የሌላ አገር ማለት ይከብድ ይሆናል፤ ወጣቱ ከዞኑ እንኳ አልወጣም፤ ቋንቋው አንድ፣ ጾሙ አንድ፣ በዓሉ አንድ ነው። ባዕድነት ግን በኪሎ ሜትር አይለካም። እሱ የሚያውቀው ገብስና ድንች፣ ብርድና ዳገት ነው። እዚህ አድማሱ ሜዳ ነው፤ ዓይኑን የሚያሳርፍበት ተራራ በሩቅ ካልሆነ የለም። መሬቱ መረሬ ነው፤ ሲረጥብ ጫማ ነክሶ ያስቀራል፣ ሲደርቅ ተሰነጣጥቆ አፉን ይከፍታል። ከሁለት ሰዓት በፊት ብርድ ያኮማተረው ሰው እዚህ ጋቢው ይከብደዋል። የሚቀርብለት እንጀራ እንኳ ሩዝ የተቀላቀለበት ነው፤ በመጀመሪያው ጉርሻ አፉ ይለየዋል። ሰው ባዕድ ቦታ መግባቱን የሚያውቀው በእንዲህ ያሉ ጥቃቅን ነገሮች ነው።

ገንዘብ ያለው መንገደኛ አዲስ ከተማ ሲገባ የሚመርጠውን ያስባል፤ የሌለው የሚቀርበትን። ራቱን ከበላ ማደሪያው ይቀራል፤ አልጋ ከያዘ መመለሻው ይቀራል። በጥቂት ገንዘብ ዓለምን ማየት ልማድ ያደረጉ የሩቅ አገር ወጣቶችም ይህችን ሒሳብ ያውቋታል። ባሕር ዳርና ጎንደር ትልቅ ሻንጣ አዝለው ሲገቡ፣ ከአልጋ ቤት አልጋ ቤት እየዞሩ ዋጋ ሲጠይቁ የኖሩ ናቸው። ልዩነቱ እነሱ ሒሳቡ ሲጠፋባቸው የሚደውሉለት ሰው፣ የሚያስልኩት ገንዘብ መኖሩ ነው። ለጋይንቱ ልጅ ሒሳቡ ከጠፋ ጠፋ።

አልጋ ቤትን አላቃልልም። «አልጋ አለ?» ብሎ ጠይቆ፣ ከፍሎ፣ ቁልፍ ተቀብሎ መግባት ትልቅ ነጻነት ነው። የከፈለ ሰው መዝገቡ ላይ ስሙን ካሰፈረ በኋላ የማን ልጅ እንደሆነ አይመረመርም። ጠዋት ሲወጣ ውለታ አይከተለውም። ትኋኑ ቢበላው፣ ፍራሹ ቢጎረብጠው የሚያማርረው በገዛ ገንዘቡ ነው። ድሆች አልጋ ሲይዙ አንዳንዴ በእንቅልፉ ከሚደሰቱት ይልቅ በዚህ ይደሰታሉ፤ ለአንዲት ሌሊት ማንም ምን ፈለግህ ሳይላቸው በር ዘግተው ያድራሉ።

ከአልጋ ቤት በፊት ደግሞ ሌላ ሥርዓት ነበር፤ በገጠሩ ዛሬም ጨርሶ አልጠፋም። የመሸበት መንገደኛ ደጃፍ ቆሞ ይጣራል፤ ውሻ ይጮኻል፤ ከውስጥ ማን ነህ ይባላል። «የእግዜር እንግዳ ነኝ፤ መሽቶብኝ ነው፤ አሳድሩኝ» ይላል። «ቤት የእግዜር ነው፤ ይግቡ» ይባላል። ውሃ ይሞቃል፣ እግር ይታጠባል፣ ከቤቱ ሰው ጋር ከአንድ ገበታ ይበላል። ደቡብ ጎንደር ይህን ሥርዓት ከሁሉ በላይ የምታውቀው በቆሎ ተማሪዎቿ ነው። ድጓ ሊያስመሰክሩ ወደ ጋይንት ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት ሊማሩ ወደ ዙር አባ ከጎጃም፣ ከሸዋ፣ ከወሎ የሚጓዙ ልጆች ደበሎ ለብሰው፣ አኮፋዳ አንግበው፣ በየመንደሩ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ ዘመናት አልፈዋል። ከነሱ ያነሰ ስንቅ ይዞ ከነሱ የራቀ መንገድ የሄደ ተጓዥ ማግኘት ይቸግራል። እርግጥ ሁሉም በር አልተከፈተላቸውም። ውሻ የነከሰው፣ ደጀ ሰላም ጥግ ተኮራምቶ ያነጋው ብዙ ነው። ቢሆንም ተማሪው ሲመጣ ምን እንደሆነ ይታወቃል፤ ደበሎው ይናገርለታል። በሩን የሚዘጋበት ሰው እንኳ ማንን እንደመለሰ ያውቃል።

የአረም ሠራተኛው ችግር እዚህ ላይ ነው። እሱ ለአልጋ የሚከፍል ደንበኛ አይደለም። የእግዜር እንግዳም አይባልም፤ የመጣው ሊሠራ፣ ሊከፈለው ነውና። በሁለቱ መካከል ስለወደቀ የመጀመሪያውን ሌሊት የሚያሳልፈው ከሁለቱም ውጭ ነው፤ ከአንዱ ሱቅ በረንዳ ላይ፣ ጆንያውን አንጥፎ፣ ጋቢውን ተከናንቦ፣ ዱላውን ጎኑ አድርጎ። ዝናቡ ከአውሎ ጋር ከመጣ ቁጭ ብሎ ያነጋል።

ጠዋት ገበሬዎቹ ሰው ሊይዙ ይመጣሉ። ስለ ዋጋ ከመነጋገራቸው በፊት ሌላ ንግግር አለ።

«ከየት ነህ አንተ ልጅ?»

«ከጋይንት ነኝ፣ ጋሼ።»

«ጋይንት ሰፊ ነው፤ የት?»

«ንፋስ መውጫ አለፍ ብሎ ነው።»

«እዚህ የምታውቀው ሰው አለ?»

«አምና ያጎቴ ልጅ እዚህ አርሞ ነበር።»

«ለማን?»

ወጣቱ የገበሬውን ስም ይጠራል። ያኔ የጠያቂው ፊት ፈታ ይላል፤ ስሙ የተጠራው ሰው አበ ልጁ ወይም የእርሻው አዋሳኝ ነው። ከዚህ ወዲያ ያለው ክርክር ስለ ብር ብቻ ነው፤ ትንሽ ወጣ ወረድ ተብሎ «ራትና ማደሪያ በእኔ ነው» ሲባል ያልቃል። ጄምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. ጎንደር ሲገባ የአደራ ደብዳቤዎች ይዞ ነበር። ይህ ልጅ የያዘው አንድ የሰው ስም ነው። ሥራቸው ግን አንድ ነው፤ የማይታወቀውን ሰው ከሚታወቅ ሰው ጋር ያያይዙታል።

ስሙን የሚጠራው የሌለው ደግሞ አለ። እሱ በዋጋ ዝቅ ይላል፣ ወይም ሌሎቹ ሁሉ ተይዘው እስኪያልቁ ይጠብቃል። ካልቀናው ሁለተኛዋን ሌሊት በረንዳው ላይ ይደግማታል። በረንዳ ነጻ ይመስላል። ነጻ የሆነ ሌሊት ግን የለም፤ በብር ያልተከፈለው በገላ ይከፈላል። ፎገራ ላይ ወባ የሚበረታው ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ነው፤ ሩዙን የሚያጭዱ ሠራተኞችም ከደጋ የሚወርዱት በዚያው ጊዜ መጨረሻ ላይ ነው። የደጋ ሰው ደም ወባን አልለመደም። አጎበር ደግሞ ቤት ላለው፣ ቤትም ውስጥ አልጋ ላለው የተሠራ ነው፤ በረንዳ ላይ የት ይሰቀላል?

ውጭ ማደር በገላ እንደሚከፈል በ1997 ዓ.ም. የሆነው በደንብ ያሳያል። ከወረታ ሰሜን፣ በሊቦ ከምከም ወረዳ ሰው የሚያከሳና የሚገድል ትኩሳት ተነሣ። መጀመሪያ መድኃኒት ያልበገረው ወባ ተባለ። ሲመረመር ካላዛር ሆኖ ተገኘ፤ ፎገራንም ነካ፤ አዲስ ዘመን ከተማ ላይ ማከሚያ ተከፈተ። ካላዛር እስከዚያ ድረስ በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል በይበልጥ የሚታወቀው በሑመራና በመተማ ቆላ ነበር። ወደዚያ ለሰሊጥና ለማሽላ ሥራ ወርደው የተመለሱ የቀን ሠራተኞች ይዘውት ሳይመጡ እንዳልቀሩ ይታመናል። በኋላ ተመራማሪዎች የታመመውን ካልታመመው ሲያነጻጽሩ፣ ቀን ከግራር ጥላ ሥር ማረፍና ሌሊት ከቤት ውጭ ማደር ለበሽታው ይበልጥ እንደሚያጋልጥ አገኙ። አስተላላፊዋ የአሸዋ ዝንብ መረሬ መሬትንና ግራርን ትወዳለች። ሰው ወደ ባዕድ አገር ወርዶ ማደሪያ ስላጣ ዛፍ ሥር ተኛ፤ ዛፉ ሥር ያገኘውን ደግሞ አገሩ ይዞ ገባ። ቆላ ላይ ያልተሰጠችው አንዲት መኝታ ደጋ ላይ ስንት ቤት እንዳዘጋች የሚያውቁት ሐዘንተኞቹ ናቸው።

የሜዳው ሰውም ቢሆን ሁልጊዜ አስተናጋጅ ሆኖ አልኖረም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ርብና ጉማራ ከወትሮው አልፈው ሲሞሉ፣ ጣናም ወደ ሜዳው ሲገፋ፣ ብዙ የፎገራ ቤተሰብ ከብቱንና ልጁን ይዞ ደረቅ መሬት ፍለጋ ወጣ። ጎተራ የነበረው ሰው በአንድ ሌሊት እንደ መጤ ከማያውቀው ሰው ደጅ ቆመ። ያን ጊዜ ያየ ገበሬ ጠዋት ሠራተኛ ሲይዝ «ትናንት የት አደርህ?» ብሎ ቢጠይቅ አይደንቅም። ጥያቄው ከዋጋው ላይ የሚቀንሰው ነገር የለም፤ የሚጠየቀው ሰው ግን ቀና ይላል።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ በክልሉ ባለው ግጭት መንገዱ አንዳንዴ ይዘጋል፤ የማይታወቅ ፊት ደግሞ ሁለት ጊዜ ይታያል። «ከየት ነህ?» የሚለው ጥያቄ ቅላጼው ተለውጧል። ድሮ መቀበያ የነበረው አሁን መፈተሻም ሆኗል። ሥራ ፍለጋ የወጣ ወጣት ከበሶው እኩል መታወቂያውን ይጠብቃል። ለማስተናገድ የሚፈልግ ቤትም ማንን እንዳስገባ ሊጠየቅ ይችላልና ያመነታል። ይህን ፍርሃት መውቀስ ቀላል ነው፤ ፍርሃቱ ውስጥ ለሚኖር ሰው ግን ቀላል አይደለም።

ይህን ሁሉ ሳሰላስል መድረስ የሚባለው ነገር መጪው ብቻውን የሚፈጽመው ሥራ ሆኖ አይታየኝም። መኪናው ያወርደዋል፤ እግሩ ያስገባዋል፤ ሰው እስኪያስጠጋው ድረስ ግን መንገድ ላይ ነው። አልጋ የያዘው በገንዘቡ፣ ተማሪው በደበሎው፣ የጋይንቱ ልጅ በአጎቱ ልጅ አሠሪ ስም ይደርሳል። ከሦስቱ አንዱም የሌለው ሰው ከተማው መሐል ቆሞም አልደረሰም።

ስለዚህ ጥያቄው ወደ ተቀባዩ ይዞራል። ያልታሰበ እንግዳ ሲመጣ ቤት ቢጠበው፣ ማጀቱ ቢጎድል ማንም አይፈርድም። የአረም ሠራተኛ ግን ያልታሰበ እንግዳ አይደለም። ሐምሌ ላይ ደገኛው እንደሚወርድ፣ ኅዳር ላይ አጫጁ እንደሚመጣ ሜዳው ሁሉ ያውቃል፤ ዘሩ ሲዘራ የእነሱ እጅ አብሮ ታስቧል። የመጀመሪያዋ ሌሊታቸው ግን አልታሰበችም። ጣሪያ ያለው አንድ አዳራሽ፣ የሚሰቀል አጎበር፣ ስም የሚመዘግብና ማን ሰው እንደሚፈልግ የሚያውቅ አንድ ሰው ቢኖር፣ ከአረሙ ዋጋ ጋር ሲተያይ የሚከብድ ወጪ አይደለም። የጥንቱ ባላገር የማያውቀውን ሰው እግር ያጠበው ከማን ወገን እንደሆነ ገና ሳይጠይቅ ነበር። በስንት እንደሚገባ የሚጠየቅ ሰው፣ የት እንዳደረ ቀድሞ ቢጠየቅ ወረታ አንድ ነገር አይጎድልባትም።