እግርም ሐቅ አለው

በሽተኛ ሲባል ወደ አብዛኞቻችን አእምሮ የሚመጣው ትኩሳት ያንቀጠቀጠው፣ የምግብ ፍላጎቱ የተዘጋ፣ ድምፁ የሰለለ ሰው ነው። ቁርጭምጭሚቱ ተሰብሮ በኦፕራሲዮን ብረት የገባለት ሰው ግን ይህን አይመስልም። ይበላል፣ ይስቃል፣ ጋዜጣ ያነባል፤ ከእግሩ በቀር ሁለመናው ጤነኛ ነው። ስለዚህም ሁለት ሳምንት እንዳለፈ እሱም ጠያቂዎቹም በሆዳቸው አንድ ነገር ማንሳት ይጀምራሉ። ይህ ሁሉ መተኛት ስንፍና አይደለምን? ሶላቱን ተቀምጦ መስገዱ፣ ከጁሙዓ መቅረቱስ የኢማን ድክመት አይሆንምን?

በአቡ ዳውድ ሱነን ጃቢር (ረ.ዐ.) እንዳስተላለፉት፣ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) መዲና ውስጥ ከፈረስ ወድቀው እግራቸው ተጎድቶ ነበር። ሶሓቦች ሊጠይቋቸው ሲሄዱ ያገኟቸው በዓኢሻ (ረ.ዐ.) ክፍል ተቀምጠው ሲሰግዱ ነው። ልብ እንበል! ሌሊቱን በመቆም ብዛት እግራቸው እስኪያብጥ ይሰግዱ የነበሩት እኚሁ ነቢይ ናቸው። ያ በዒባዳ ያበጠ እግር ሲጎዳ ተቀመጠ። ከዚህ በኋላ «መቀመጥ ድክመት ነው» የሚል ሰው ማንን እየወቀሰ እንደሆነ ያስብበት።

እዚህ ላይ የዐምር ኢብኑል ጀሙሕን (ረ.ዐ.) ታሪክ የሚጠቅስ አይጠፋም። እኚህ ሶሓቢ ክፉኛ ያነክሱ ነበር። በ3ኛው ዓመተ ሂጅራ ወደ ኡሑድ እንዳይወጡ ልጆቻቸው ቢከለክሏቸው ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አቤት ብለው ወጡ፤ እዚያውም ሸሂድ ሆኑ። ታሪኩ ልብ ይነካል። ነገር ግን ያልጠገነ አጥንቱን እያስጨነቀ ለሚራመድ ሰው ማስረጃ አይሆንም። የዐምር እግር ስድስት ሳምንት ቢያርፍ የሚድን አልነበረም። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) በቅድሚያ የነገሯቸው አላህ ዑዝር እንደሰጣቸው ነው።

የተሰበረ ቁርጭምጭሚት ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ብዙ ሰው ብረት ከገባ በኋላ እግሩ የጠነከረ ይመስለዋል። ብረቱና ብሎኖቹ የገቡት ስባሪዎቹን አጋጥመው እንዲይዙ እንጂ ሰውየውን እንዲሸከሙ አይደለም። የሚሸከመው አጥንቱ ነው፤ እሱ ደግሞ ለመግጠም ሳምንታት ይፈልጋል። ሐኪሞች እንደ ስብራቱ ዓይነት ብዙ ጊዜ እስከ 6 ሳምንት እግሩ መሬት እንዳይረግጥ ያዝዛሉ። አጥንቱ ሳይገጥም በየቀኑ ከተረገጠ ብረቱ ራሱ ይደክማል፣ ሊሰበርም ይችላል። ሁለተኛ ኦፕራሲዮን ሲመጣ ታዲያ «ጠንካራው» ሰው ዋጋውን ብቻውን አይከፍልም። ባለቤቱ ትደግፈዋለች፣ ወንድሙ ይበደርለታል። አካል አማና ነው ስንል የአላህ አማና መሆኑን እናስታውሳለን፤ የቤተሰብም ሐቅ እንዳለበት ግን እንረሳለን።

የውዱእ ነገርም ብዙዎችን ያስጨንቃል። በጄሶ ላይ ማበስ እንደ ኹፍ ለነዋሪ በአንድ ቀንና ሌሊት አይገደብም፤ ጄሶው እስካለ ይቆያል። በሻፊዒይ መዝሀብ ተየሙም ይጨመርበታልና ዝርዝሩን ከዓሊም መጠየቅ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ሌላ ነው። ሐኪሙ «እግርህን በትራስ ከልብህ ከፍ አድርገህ ተኛ» ይላል፤ እግር ሲንጠለጠል ስለሚያብጥና ያበጠ እግር ቁስሉ ስለሚዘገይ። ይህ ትእዛዝ በእኛ ቤት እንዴት ይፈጸማል? በታላቅ ፊት እግር መዘርጋት ነውር ነው ተብሎ ያደገ ሰው አጎቱ «አሰላሙ ዐለይኩም» ብለው ሲገቡ እግሩን ከትራሱ ላይ ያወርዳል። ሊነሣም ይሞክራል። «ኧረ በአላህ፣ አትነሣ ልጄ!» ይሉታል። ባይነሣም እግሩን መልሶ አይሰቅልም። እሳቸው ቡና ጠጥተው ሲወጡ የዕድሩ ሽማግሌ ይተካሉ፤ ከሳቸው በኋላ የሰፈሩ ኡስታዝ። ማታ እግሩ አብጦ እንቅልፍ ሲነሣው ሕመሙ የባሰበት ይመስለዋል፤ ያበጠው ግን በአክብሮት ነው።

አደቡ መልካም ነው፣ ማንም አይንቀፈው። ነገር ግን ይህን ቋጠሮ ሊፈታ የሚችለው ታላቁ እንጂ ታናሹ አይደለም። ገብተው ሳይቀመጡ ትራሱን በገዛ እጃቸው አስተካክለው «ስቀል እግርህን» የሚሉ አባት ከብርቱካንና ከሙዝ የበለጠ ነገር ይዘው መጥተዋል። የታመመችው የቤቱ እመቤት ስትሆን ደግሞ ይብሳል። ጠያቂው የመጣው ለእርሷ ነው፤ በአንድ እግሯ እያነከሰች ቡናውን የምታቀርበውም እርሷው ናት!

ሩኽሳ ግን ወሰን አለው። በዑዝር የተፈቀደ ነገር ዑዝሩ ሲወገድ እንደሚያበቃ ፉቀሃእ ደንብ አድርገው አስቀምጠውታል። ሐኪሙ «ርገጥ» ባለበት ቀን መተኛቱን የቀጠለ ሰው መገጣጠሚያው ይደርቃል፣ ባቱ ይከሳል። አመላለሱም በአንድ ጊዜ አይደለም። ከሁለት ክራንች ወደ አንድ ይወረዳል፤ አንዱም የሚያዘው ባልታመመው እግር በኩል ነው። ሶላቱም በየሩክኑ ይመለሳል። መቆም የቻለ፣ ገና ቁርጭምጭሚቱ አልታጠፍ ያለው ሰው በብዙዎቹ ዑለማእ ዘንድ ቂያሙን ቆሞ፣ ያልቻለውን በወንበር ይሰግዳል። እዚህ ደረጃ ላይ «ወጌሻ ይሽው» የሚል መካሪ ይበዛል። ብረት የገባበትን እግር ኦፕራሲዮን ያደረገውን ሐኪም ሳይጠይቁ ማሳሸት አይገባም።

ይህ ሁሉ ወር ሲደርስ ደመወዝ ለሚቀበለው ነው። በቀን ሥራ ለሚያድረው ሰውስ? ግንበኛው፣ ተሸካሚው፣ በየመንገዱ ዞሮ የሚሸጠው «6 ሳምንት አትርገጥ» ሲባል 6 ሳምንት አትብላ መባሉ ነው። በሱረቱ ኑር 61ኛው አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ.) አንካሳውንና በሽተኛውን ካነሣ በኋላ እዚያው አንቀጽ ውስጥ የአባትን፣ የእናትን፣ የወንድምን፣ የእኅትን ቤት እየቆጠረ እስከ ወዳጅ ቤት ይደርሳል፤ ከነዚህ ቤቶች መብላት ነውር እንዳልሆነ ሊነግረን። ሙፈሲሮች የሁለቱን ግንኙነት በተለያየ መንገድ አብራርተዋል። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ዑዝርና እንጀራ በአንድ አንቀጽ መገናኘታቸው ነው። ለድሃ የተሰጠ ሩኽሳ የሚሠራው ሌላው ቤቱን ሲከፍትለት ነውና።

በየመስጂዱ ከሶላት በኋላ ለሕክምና የሚዋጣው ገንዘብ ብዙውን ጊዜ ለኦፕራሲዮኑ ነው። ኦፕራሲዮኑ ሲያልቅ መዋጮውም ያልቃል፤ የሚቀጥሉትን ሳምንታት የሚቆጥር የለም። በሦስተኛው ሳምንት ሰውየው ክራንቹን ይዞ ወደ ሥራው ሲያዘግም የሚያዩት ሁሉ «ማሻ አላህ፣ እንዴት ያለ ብርቱ ነው!» ይሉታል። የቤት ኪራዩ ስንት ወር እንዳለፈው የሚጠይቀው ግን አከራዩ ብቻ ነው።