ገና አፈር ያልሆነ አፈር

ፍዮዶር ሼርጊን የፈለገው ውኃ ብቻ ነበር። በምሥራቅ ሳይቤሪያ፣ ያኩትስክ ከተማ፣ የሩሲያ-አሜሪካ ኩባንያን ሥራ ይመራ የነበረው ይህ ነጋዴ እ.ኤ.አ. በ1828 ጉድጓድ ማስቆፈር ጀመረ። መሬቱ ከላይ ትንሽ ለስለስ ብሎ ወዲያው እንደ ቋጥኝ ጠነከረ። ቆፋሪዎቹ ይህን ካለፍን እርጥቡን እናገኛለን እያሉ ወረዱ። እ.ኤ.አ. በ1837፣ 116 ሜትር ገደማ ላይ ሥራው ሲቆም የመጨረሻው ዶማ ያረፈውም በውርጭ በጠነከረ መሬት ላይ ነበር። ውኃው እኮ በዙሪያቸው ነበር፤ በደለሉና በአሸዋው መካከል በረዶ ሆኖ ተቀምጧል። የሚጠጣ ግን አልነበረም።

ጥቂት ዓመታት ቆይቶ የተፈጥሮ ተመራማሪው አሌክሳንደር ሚደንዶርፍ ወደዚያው ጉድጓድ መጣ፤ የመሬቱን ቅዝቃዜ ሊለካ። ጉድጓዱ ለዓመታት አፉን ከፍቶ ስለኖረ የብርዱ ወራት አየር እየገባ ግድግዳውን አቀዝቅዞታል። ስለዚህ ቴርሞሜትሮቹን ግድግዳው ላይ ማንጠልጠል አልበቃውም፤ ወደ ጎን እያስበሳ ወደ መሬቱ ሆድ አስገባቸው። ይህች ጥንቃቄ ሁልጊዜ ታስደንቀኛለች። ሊያውቀው የመጣውን ነገር፣ ወደ እሱ የሚያደርሰው በር ራሱ እንደለወጠው ገብቶታል።

ይህን መሬት ምን እንበለው? ሩሲያዊው ሚካኢል ሱምጊን እ.ኤ.አ. በ1927 ባሳተመው መጽሐፍ «ዘላለማዊ ውርጭ» የሚለውን ስም አጸናው። እ.ኤ.አ. በ1943 ደግሞ ሳይመን ሙለር በእንግሊዝኛ «ቋሚ» እና «ውርጭ» የሚሉትን ቃላት አጣብቆ ፐርማፍሮስት አለው። ትርጉሙን ስናይ ግን ዘላለሙ ያጥራል። ዛሬ ሳይንቲስቶች ፐርማፍሮስት የሚሉት ቢያንስ ሁለት ዓመት በተከታታይ ከዜሮ ዲግሪ ሳይወጣ የቆየን መሬት ነው። በረዶ ይኑረው አይልም። አንዲት ጠብታ ውኃ የሌለበት አለት ከዜሮ በታች ከቆየ ፐርማፍሮስት ነው። ጨው የበዛበት የባሕር ዳርቻ ጭቃም ከዜሮ በታች ሆኖ ሳይጠጥር ቢቆይ ያው ነው። በህዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ደብረ ብርሃን አካባቢ ባቄላውን የሚመታው ውርጭ ግን ፀሐይ እንደወጣች ይተናል፤ የሳይቤሪያውን መሬት ያጠነከረውም ይኸው ብርድ ነው፣ ልዩነቱ ያኛው አለመሄዱ ነው። እንግዲህ ፐርማፍሮስት ብለን የጠራነው አንድን ቁስ ሳይሆን አንድን ቆይታ ነው። ጊዜው ሲያልቅ አለቱም፣ ጭቃውም፣ አሸዋውም እዚያው ይኖራሉ፤ ፐርማፍሮስቱ ግን የለም። የት ሄደ ብሎ መጠየቅም አይቻልም።

የሙቀት መለኪያውም ቢሆን የሚነግረን ጥቂቱን ነው። እርጥብ መሬት ወደ በረዶነት ሲሻገር ወይም ሲቀልጥ ቴርሞሜትሩ ዜሮ ላይ ለሳምንታት ይቆማል። የሚያይ ሰው ምንም እየሆነ አይደለም ይላል። አንድ ኪሎ በረዶ እዚያው ዜሮ ላይ ሳለ ውኃ ለመሆን 334 ኪሎ ጁል ሙቀት ይውጣል፤ ያንኑ ውኃ ከዜሮ እስከ 80 ዲግሪ ገደማ የሚያሞቅ ጉልበት ማለት ነው። ትልቁ ለውጥ የሚካሄደው ቁጥሩ ዝም ባለበት ሰዓት ነው። ከዚያም በኋላ ቢሆን፣ ከዜሮ ብዙ ዲግሪ በታች ወርዶም፣ በሸክላ ቅንጣቶች ዙሪያ ስስ የውኃ ሽፋን ሳይጠጥር ይቀራል። በዚያ ሽፋን ውስጥ ጨው ይጓዛል፣ ውኃው ወደሚቀዘቅዘው ወገን ይሳባል፣ የበረዶ ንጣፎች ቀስ ብለው ይወፍራሉ። የቆመ የመሰለን መሬት በውስጡ ሲሠራ ይኖራል።

ቤተ ሙከራው ውስጥ ነገሩ ይጠናል። ከጉድጓድ የወጣው የአፈር ናሙና ሳይቀልጥ መድረስ አለበት፤ አንዴ ከቀለጠ የበረዶው ንጣፍ ይፈርሳል፣ ጨዉ ቦታውን ይለቃል፣ ረቂቅ ሕዋሳቱም ይነቃሉ። ተጠንቅቆ የመጣው ናሙና ግን ምን ይጠብቀዋል? የውኃውን መጠን ለማወቅ 105 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ ይደርቃል። የተክል ቅሪቱን መጠን ለመገመት 550 ዲግሪ ላይ ይቃጠላል፤ የጎደለው ክብደት መልሱ ነው። ዛሬ በኤክስሬይ ሳያቀልጡ የበረዶውን አቀማመጥ ማየት ይቻላል፣ ይህንንም አመሰግናለሁ። የኬሚስትሪው ጥያቄ ግን አሁንም በአብዛኛው የሚመለሰው ናሙናው ሲጠፋ ነው። ይህን የማነሳው ተመራማሪውን ለመውቀስ አይደለም። እንዲያውም ከሥራው ሁሉ ይህን ከልቤ አከብረዋለሁ፤ ጥቂቱን የሚያጠፋው ብዙው ምን እንደያዘ ለማወቅ ነውና።

ብዙው ምን ይዟል? በእኛ አነጋገር አፈር መሆን ማለት ማለቅ ነው። ለሞተው አፈሩን ያቅልልለት እንላለን፤ ስንማጸንም አፈር ስሆን እንላለን። ሥጋውም ሣሩም መጨረሻው አንድ እንደሆነ ቋንቋችን አምኖ ተቀብሏል። የሳይቤሪያና የአላስካ ዬዶማ የሚባለው መሬት ግን ይህን ያናጋብኛል። በበረዶው ዘመን ነፋስ ያመጣው ብናኝ በሣሩ ላይ በየዓመቱ ሲከመር፣ ውርጩም አብሮ ከታች ወደ ላይ እየወጣ ሥሩን ሳይበሰብስ ያዘው። ያ ሥር ከሞተ ሺህ ዘመናት አለፉ፤ አፈር ግን አልሆነም። እ.ኤ.አ. በ2012 የሩሲያ ተመራማሪዎች በኮሊማ ወንዝ ዳር ከፐርማፍሮስት ከወጣ፣ 32 ሺህ ዓመት ገደማ ካስቆጠረ ፍሬ ሕብረ ሕዋስ ወስደው ተክል ማብቀላቸውን አስታወቁ። ተክሉ አበበ፣ ዘርም ሰጠ። ያ ፍሬ በዚያ ሁሉ ዘመን ሞቶ ነበር ወይስ በሕይወት? እኔ ሁለቱንም ማለት አልደፍርም። ሞቱ ተጀምሮ አልተጨረሰም ብል ይቀርበኛል።

በሰሜኑ የፐርማፍሮስት ምድር አፈሮች ውስጥ 1,500 ቢሊዮን ቶን ገደማ ካርቦን እንዳለ ይገመታል፤ በከባቢ አየር ካለው እጥፍ ያህል ነው። ሲቀልጥ ረቂቅ ሕዋሳቱ ያቋረጡትን ሥራ ይቀጥላሉ፤ አየር ባለበት ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ውኃ በተኛበት ደግሞ ሚቴንም እያወጡ። መቅለጥን ሁሉ ግን ጥፋት ማለት አልችልም። የሳኻ ሕዝብ ከብትና ፈረስ የሚያሰማራበት፣ አላስ የሚባለው ጎድጓዳ ሜዳ የተፈጠረው በረዶው በጥንት ዘመን ቀልጦ መሬቱ ስለሰመጠ ነው። ያኔ አንዱ ሜዳ እስኪረጋና ሣር እስኪያበቅል ረጅም ዘመን ነበረው። የሚያስጨንቀኝ የአሁኑ ፍጥነት ነው፤ ያን ሁሉ ሥር በአንድ ሰው ዕድሜ አፈር ሁን ማለታችን።

በአላስካ፣ ፌርባንክስ አጠገብ ፎክስ በምትባል ስፍራ፣ የአሜሪካ ጦር መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ለምርምር የቆፈሩት ዋሻ አለ። በግድግዳው ላይ የበረዶው ዘመን እንስሳት አጥንት ይታያል፤ ቀጫጭን የሣር ሥሮችም ከጣሪያው ተንጠልጥለዋል። በረዶው ሳይቀልጥ በቀጥታ እየተነነ ስለሚያልቅ፣ ይዞት የነበረው ደቃቅ አቧራ እየረገፈ ወለሉን ይሸፍናል። የገባ ሰው አስቀድሞ የሚያወራው ግን ስለ ሽታው ነው፤ ከባድ፣ የቆየ የብስባሽ ሽታ። ያ ሽታ ከግድግዳው ያመለጠው ነው። ሰው አንድ ጊዜ ወደ ውስጥ ይስበዋል፣ ያውቀዋል፣ ወደ ግድግዳው ግን አይመለስም።