ፍጻሜ የቀደመውን ያፈርሳልን?

ነቢዩ ሕዝቅኤል በ18ኛው ምዕራፍ፥ ጻድቅ ከጽድቁ ተመልሶ በደል ቢሠራ የቀድሞው ጽድቁ እንደማይታሰብለት፥ ኃጥእም ከኃጢአቱ ቢመለስ የቀድሞው በደሉ እንደማይታሰብበት ያስተምራል። አንባቢ ሁለተኛውን ቃል በደስታ ተቀብሎ ከመጀመሪያው ሊሸሽ ይወዳል፤ ነገር ግን ፈያታዊ ዘየማንን በመጨረሻው ሰዓት ገነት ያስገባው ሕግና ይሁዳን ከሐዋርያት ማኅበር ያወጣው ሕግ አንድ ነው።

ፍጻሜ የቀደመውን ያፈርሳልን የሚለው የሊቃውንት ጥያቄ ማንም ባልጠረጠረው ስፍራ፥ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የመግቢያ ደንብ ውስጥ ይገኛል። ዩኒቨርሲቲው የአመልካቹን አማካይ ውጤት የሚያሰላው በ10ኛና በ11ኛ ክፍል ካገኘው ነው፤ ማመልከቻው በኖቬምበር ሲገባ 12ኛ ክፍል ገና በመካሄድ ላይ ስለሆነ የዚያ ዓመት ማርክ በስሌቱ አይገባም። ሆኖም ተማሪው በጸደይ የምሥራቹ ደብዳቤ ሲደርሰው፥ ተቀባይነቱ በቅድመ ሁኔታ የታሰረ መሆኑን፥ ይኸውም በመጨረሻው ዓመት በየትምህርቱ ከሲ በታች እንዳያገኝ፥ አማካዩም ባብዛኛው ከ3.0 እንዳያንስ የሚያዝ ቃል አብሮ ያገኛል። እንግዲህ ይህ ዓመት በስሌቱ ላይ አንዲት ነጥብ ሳይጨምር፥ የተሠራውን ሁሉ ለማፍረስ ግን ሥልጣን አለው። (የመንፈቁን ውጤት በክረምት አስልከው የሚመዝኑ ሌሎች ኮሌጆች አሉ፤ በእነዚያ ዘንድ የ12ኛ ክፍል ማርክ ገና ከውሳኔው በፊት ይመሰክራል።)

ከሀገር ቤት በማትሪክ ሚዛን ተመዝነው ወደ አሜሪካ የተሻገሩ ወላጆች፥ በአንድ ፈተና ዕድሜ ልክ ሲወሰን ያዩ ናቸውና፥ የልጃቸውን አንድ ዲ ሲያዩ እንደ ሞት ያለቅሱበታል፤ ልጁ ደግሞ ደብዳቤው ከመጣ ወዲያ ማን ያየኛል ብሎ ይተኛል። ሁለቱም ደንቡን አልተረዱትም። ነቢዩ የተናገረው ስለ መመለስ፥ ማለትም ፈቃድ ከነበረበት መንገድ ስለ መዞሩ ነው፤ በካልኩለስ መውደቅ ብቻውን ከመንገድ መውጣት አይደለም። ጴጥሮስም በአንዲት ሌሊት ሦስት ጊዜ ክዶ ሐዋርያነቱን አላጣም።

ደንቡ ራሱ ለዚህ ልዩነት በር ከፍቷል፤ ዲ ወይም ኤፍ ያገኘ ተማሪ የመጨረሻው የውጤት መግለጫ እስኪላክ ሳይጠብቅ፥ ራሱ አስቀድሞ ለመግቢያ ክፍሉ እንዲያስታውቅ ያዝዘዋልና። ይህ ኑዛዜን ይመስላል፤ ነገር ግን የመግቢያ ክፍሉን ሹም የንስሐ አባት አድርጎ መገመት አይገባም። በመንግሥተ ሰማያት የአንዱ መግባት የሌላውን ስፍራ አያጠብም፤ በዩኒቨርሲቲ ግን መቀመጫው የተቈጠረ ስለሆነ፥ ሹሙ ለአንዱ የሚያሳየውን ምሕረት በደጅ ከቀሩት ፊት ማስረዳት አለበት።

ሁለት ተማሪዎች፥ አንዱ እናቱን ሲያስታምም፥ ሁለተኛው ሲዝናና፥ አንድ ዓይነት ዲ ቢያገኙ ወረቀቱ አይለያቸውም፤ የሚለያቸው ለመግቢያ ክፍሉ ሲያስታውቁ የጻፉት ቃል ነው። እኔን የሚያሳስበኝ፥ ጭንቀቱን በጽሑፍ መግለጥ ያልለመደ፥ የቤቱንም ገመና ለባዕድ መንገር የሚያፍር ልጅ ነው። ጴጥሮስ በዚያች ሌሊት አለቀሰ እንጂ ደብዳቤ አልጻፈም። ስለዚህ እንዲህ ላለው ልጅ፥ ነገሩን የሚያውቀው የትምህርት ቤቱ አማካሪ ከተማሪው አጭር ደብዳቤ ጋራ የራሱን ምስክርነት አያይዞ፥ ሳይዘገይ ሊልክለት ይገባል።