ጥላው የማን ነው?

በካርቱም የኒም ዛፍ ሥሩ ከግቢ ውስጥ፣ ጥላው ግን ከአጥር ውጭ ነው። ሻይ ሻጯም መንገደኛውም ያርፉበታል። ታዲያ ሃቡብ ቅርንጫፉን ገንጥሎ አላፊውን ቢጎዳ ተጠያቂው ማን ነው?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2077 የሕንፃ ባለቤትን፣ ጉዳቱን አስቀድሞ ባያስበው እንኳ፣ ኃላፊ ያደርገዋል። ዛፍ ግን የሰው እጅ እንደ ሠራው ሕንፃ አይደለም፤ በራሱ ያድጋል፣ በራሱም ይደርቃል። ስለዚህ ከባለዛፉ የምንሻው ነፋሱን እንዲገታ ሳይሆን ቀና ብሎ እንዲያይ ነው። የደረቀውን እያየ ዝም ያለ ሰው ነፋሱን ሊከስስ አይችልም።

በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የተነሣው ጦርነት ብዙ ባለቤቶችን ከግቢያቸው አፈናቀለ። የተሰደደ ሰው ዛፉን ሊያይ አይችልም። ያን ጊዜ የማየት ግዴታ ከጥላው ሥር ለተቀመጥነው ይተርፋል፤ መጥረቢያው ባይኖረን አላፊውን ማስጠንቀቂያ አንደበት አለንና።