ድምፅና ሕይወት

ተባዕቱ የሌሊት ፌንጣ ሲመሽ የፊት ክንፎቹን ከፍ አድርጎ አንዱን በሌላው ላይ ያፋትጋል፤ ከአንደኛው ክንፍ ሥር እንደ መጋዝ የተደረደሩ ደቃቅ ጥርሶች ስላሉበት፣ የሌላው ክንፍ ጠርዝ በላያቸው ባለፈ ቁጥር ያ የታወቀው ዜማ ይወጣል፤ እንስቲቱም በጨለማ ወደ እርሱ የምትደርሰው ይህንኑ ዜማ ተከትላ ነው። በሃዋይ ደሴቶች ግን ዜማውን የምትሰማ ሌላም እናት አለች። ይህች ዝንብ ከራስዋ በታች፣ በደረትዋ ላይ፣ እጅግ ረቂቅ ጆሮ ስላላት በሌሊት በርራ ዘማሪውን ሳትስት ታገኘዋለች፤ ትሎችዋንም በላዩና በዙሪያው ትጥላለች፤ እነርሱም ገላውን ሰርስረው ይገቡና ሥጋውንና ስቡን እየበሉ አንድ ሳምንት ያህል ቆይተው ሲወጡ ፌንጣው ይሞታል።

እንግዲህ ፍጥረት ሁሉ በየድምፁ ፈጣሪውን ያመሰግናል ብለን ከልጅነት የተማርን ሰዎች፣ ምስጋናው ራሱ ገዳዩን የሚጠራ ሲሆን ምን እንላለን? ሊቃውንት ክፋት የራሱ ባሕርይ የለውም፣ የበጎ ነገር መጕደል ነው ይላሉ፤ ይህ ትምህርት ለሰው ኀጢአት የሚበቃ ቢሆንም፣ በዚህ ስፍራ ግን የጐደለ በጎ ነገር ፈልጌ አላገኘሁም። ዜማው በጎ ነው፤ የዝንቢቱ ጆሮ በጎ ነው፤ ለልጆችዋ ምግብ መሻትዋም በጎ ነው፤ ሞቱ የመጣው በጎዎቹ ነገሮች በመገናኘታቸው ነው። ዳርዊን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1871 ስለ ሰው ዘር አመጣጥ ባሳተመው መጽሐፍ፣ ለመወደድ የሚያበቃው ጌጥና ዜማ ባለቤቱን ለአደጋ ሊያጋልጠው እንደሚችል አስረድቷል፤ ነገሩ ስለ ምን እንደ ተፈቀደ መመርመር ግን የርሱ ሥራ አልነበረም።

ከደሴቶቹ አንዷ በሆነችው በካዋይ የተገኘው ነገር ደግሞ ጥያቄውን ይበልጥ ያጠልቀዋል። በዚያው አቈጣጠር በ2003 ማርሊን ዙክ የተባለችው ተመራማሪ ከባልደረቦችዋ ጋር በሌሊት ስትፈልግ፣ ፌንጣው ሞልቶ ሳለ ዜማው ከሞላ ጐደል ጠፍቶ ነበር፤ ከ20 ባነሰ ትውልድ ውስጥ፣ ከመቶ ተባዕት ከ90 የሚበልጡት በዘር በሚወረስ ለውጥ የክንፋቸው ጥርስ እጅግ አንሶ ዲዳ ሆነዋል፤ ዝንቢቱም አትሰማቸውም። ሆኖም ዲዳው ፌንጣ ምንም ድምፅ ሳይወጣው እስከ ዛሬ ክንፉን እንደ ዘማሪ ያንቀሳቅሳል። ተመራማሪዎች ይህን የቀደመ ልማድ ቅሬታ ነው ይሉታል፣ እኔም አልክድም፤ ነገር ግን ሕይወትን ማትረፍ የፍጥረት ሙሉ ትርጕም አለመሆኑን ከዚህ ይልቅ አጕልቶ ያሳየኝ ነገር የለም።

ስለዚህም መግቦተ እግዚአብሔር ዲዳውን በዝምታው ጠበቀው የሚል ሰው ስለ ዘማሪውም አብሮ ሊናገር ይገባዋል፤ እንስቲቱ ዛሬም ዜማ ስትሰማ ወደ ዜማው ትሄዳለችና፣ ዲዳዎቹም፣ ተመራማሪዎቹ እንደሚሉት፣ በጥቂቶቹ ዘማሪዎች ዙሪያ ተሰብስበው፣ ወደ ሌላው የምትመጣውን በመንገድዋ ላይ ይጠብቃሉ።